አባቴና የፍርድ ቤቱ በር

እንግዳ ሲመጣ ከበር ኋላ የምቆም ልጅ ነበርኩ። ስሜን የጠየቀኝ ሰው ሁለት ጊዜ ካላስደገመኝ አይሰማኝም። አራተኛ ክፍልን ጨርሼ ትምህርት ያቆምኩ ጊዜ አስተማሪዬ፣ «ይታይሽ የምትባል ልጅ ነበረችን?» ብሎ ጠየቀ አሉ። ስለዚህ ይህን ታሪክ የሚሰሙ ዘመዶቼ፣ «አንቺ? ዳኛ ፊት?» እያሉ ይስቁብኛል። አይፈረድባቸውም። እኔም ራሴ አንዳንድ ጊዜ ሌላ ሰው የሠራው ይመስለኛል።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የተወለድኩት ከአምባ ጊዮርጊስ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ባለው መንደር ነው፤ የምኖረው ግን ጎንደር፣ ቁስቋም፣ አክስቴ ቤት ነበር። የአክስቴ ባል አያ ፈንታ ፒያሳ ላይ ልብስ ሰፊ ነው። የእኔ ሥራ ቁልፍ መትከልና ለጥገና የመጣውን ልብስ ካውያ ሳይነካው በፊት ኪሱን መፈተሽ ነበር። አያ ፈንታ አንድ ጊዜ የሰው ደብዳቤ ከነኮቱ ተኩሶ አቃጥሎ ስለተሰደበ፣ ከዚያ ወዲህ ያለ እኔ ፍተሻ ካውያውን አያነሣም።

በሰኔ መጀመሪያ፣ አንድ ሰኞ ከቀትር በኋላ፣ አስር አለቃ ጌትነት የሚባል ፖሊስ ክንዱ ላይ የተቀደደ ኮት አምጥቶ፣ «ነገ ወደ ወገራ ለሥራ እወጣለሁ፤ በጠዋት እወስደዋለሁ» ብሎ ሄደ። ኪሱን ፈተሽኩ። ከውስጠኛው ኪስ በአራት የታጠፈ፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ወጣ። ያገኘሁትን ጽሑፍ ሁሉ ማንበብ ልማዴ ነው፤ የስኳር መጠቅለያም ቢሆን አነባለሁ። ገልጬ አነበብኩት።

ተከሳሹ በቀጠሮው ቀን ስላልቀረበ ካለበት ተይዞ ይምጣ ይላል። የተከሳሹ ስም የአባቴ ስም ነው። ከነአያቴ፣ ከነመንደራችን።

የቁልፉን ጣሳ ደፋሁት።

«ምነው? ምን ነካሽ?» አለ አያ ፈንታ ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ።

ወረቀቱን ዘረጋሁለት። እሱ ፊደል አይለይም፤ ግን ማኅተሙን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። አነበብኩለት።

ነገሩ የሦስት ዓመት ነው። አባቴና የመንደራችን ሰው አያ አለሙ በአንድ በሬ ግዢ ተጣልተው፣ እዚሁ ጎንደር ከብት ገበያ ላይ ተደባደቡ። አባቴ በዱላ መትቶ የአያ አለሙን ክንድ ሰበረው። አያ አለሙ ከሰሰ፤ አባቴ በዋስ ወጣ፤ ቀጠሮ ተሰጣቸው። ወደ አገር ሲመለሱ ግን ሽማግሌ ገባ። አባቴ ድንጋይ ተሸክሞ እግሩ ላይ ወደቀ፤ አያ አለሙ፣ «ለእግዜር ብዬ ትቻለሁ» ብሎ አነሣው። በዚያው ዓመት ትንሹ ወንድሜ ተወለደና አያ አለሙ የክርስትና አባት ሆነው። አበልጅ ሆኑ ማለት ነው። ዛሬ አንዱ ሌላውን ሳይጠራ ጠላ አይቀምስም።

ታዲያ ለፍርድ ቤቱ ማን ይንገረው? ማንም። ከታረቁ ነገሩ የሞተ መስሏቸዋል። መዝገቡ ግን አልሞተም። ያን ሰሞን አዲስ ዳኛ መጥተው የቆዩ መዛግብት እያራገፉ ነበርና የአባቴም ወጣ።

«ላቃጥለው?» አልኩ። ካውያው አጠገቤ ፍም ጎርሶ ተቀምጧል።

«ብታቃጥይው ሌላ ይጽፋሉ፤ እኔንም ጨምረው ይጽፉኛል» አለ አያ ፈንታ። «ሰኔ ነው፤ አባትሽ አሁን ከታሰረ ያ መሬት ጾሙን ማደሩ ነው። ከወንድምሽ በቀር ወንድ የለው፤ እሱም ጡት ከተወ ገና ዓመቱ። ወረቀቱን ቦታው መልሺና ተነሽ፤ ጠበቃ ዘንድ ሂጂ።»

«አንተ አትሄድም?»

«እኔ ማንበብ እችላለሁ? ያነበብሽው አንቺ!»

ጠበቃው አቶ ደጀኔ ይባላሉ። ቤታቸው በር ላይ ቆሜ ሳልገባ፣ ሳልመለስ ቆየሁ። በመጨረሻ እሳቸው ራሳቸው ብቅ ብለው፣ «ልጄ፣ በሩን ልትገዢው ነው?» አሉኝ። ገባሁ። ምድር ምድር እያየሁ ነገርኳቸው።

ሰምተው ሲጨርሱ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት።

«ሸጋ! በጣም ሸጋ! አባትሽ ተይዞ ከመጣ እስር ቤት ገብቶ ተራ ይጠብቃል፤ ክረምቱም እዚያው ያልፋል። በእግሩ ከመጣ ግን፣ ከሳሹም ቆሞ ‹ታርቀናል› ካለ፣ ዳኛው ትእዛዙን ይሽሩታል። ዛሬውኑ ማመልከቻ አስገባለሁ። ረቡዕ ከስድስት ሰዓት በፊት ሁለቱን ሰዎች አምጭልኝ።»

«እኔ?»

«ታዲያ ፖሊሱ ያምጣልሽ?»

እየሮጥን ሄድን ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ጠበቃው ካባቸውን እያውለበለቡ፣ እኔ ከኋላ። መዝገብ ቤቱ ሊዘጋ ሲል ደረስን። ማመልከቻው ላይ የዕለቱ ማኅተም አረፈ፤ አንዱን ግልባጭ ሰጡኝ። ደረቴ ውስጥ ሸጎጥኩት።

ማክሰኞ በጠዋቱ ማኪና አምባ ጊዮርጊስ ወረድኩ። ከዚያ ጭቃውን በእግሬ ያዝኩት። አባቴን እርሻ ላይ አገኘሁት፤ ጠምዶ አንዱን ማሳ አገባዶታል። የማመልከቻውን ግልባጭ አነበብኩለት። በሬዎቹን ፈታ። «አበልጄን ጥሩልኝ» አለ።

አያ አለሙ ቤታችን መጣ። ረጅም፣ ቀልደኛ ሰው ነው፤ ያ የተሰበረው ክንዱ ትንሽ ጎበጥ ብሎ ቀርቷል። ነገሩን ሲሰማ ሳቀ።

«በል አበልጄ፣ እኔን መትተህ ሰበርከኝ፤ ትተኸኝ ብትታሰር ደግሞ ማን ያርስልኛል?»

«እንግዲያው ነገ ይምጡልን፤ ‹ታርቀናል› ይበሉልን፤ ይኸው ነው» አልኩ። ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ሁለቱ ተያዩ። አያ አለሙ ሳቁን ዋጠ።

«ይታይሽ፣ እሱማ አይሆንም» አለ።

«ምነው?»

«ተገዝተናላ!»

የዕርቁ ዕለት፣ መምሬ አስናቀ መስቀላቸውን ይዘው ሁለቱንም፣ «በዚህ ነገር ዳግመኛ የዳኛ ደጅ የረገጠ ከክርስቶስ መንግሥት የተለየ ይሁን» ብለው ገዝተዋቸዋል። ነገሩ እንዳይመለስ የታሰረበት ገመድ እሱ ነው። ታዲያ ‹ታርቀናል› ለማለትም ቢሆን የዳኛ ደጅ መርገጥ ነው።

«መምሬ ይፍቷችሁ!» አልኩ።

«መምሬ በኅዳር ዐረፉ።»

«ሌላ ቄስ?»

አባቴ ራሱን ነቀነቀ። «የገዘተ ነው የሚፈታ። ካልሆነም እስከ ጳጳሱ ድረስ ነው።»

«እንግዲያው ልትታሰር ነው?»

«ፖሊስ ጎትቶ ቢያስገባኝ ግዝቱ አይይዘኝም፤ ወድጄ አልረገጥኩማ» አለ፣ ትልቅ መላ ያገኘ ይመስል። «በእግሬ ብገባ ነው ጣጣው።»

አልቅሼ ነበር። ጠበቃው ‹በእግሩ ይምጣ› ይላሉ፤ አባቴ ‹በእግሬ አልገባም› ይላል። በመካከል ሰኔ አለ፤ ያልታረሰ መሬት አለ፤ እናቴ ጓዳ ሆና የምትተነፍሰው ይሰማኛል።

እንዴት እንዳሰብኩት አላውቅም። «ጎንደር መሄድስ ተገዝታችኋል?» አልኩ።

«ጎንደርማ ገበያችን አይደለም?»

«መንገዱ ላይ መቆምስ?»

«መንገድ የንጉሥ ነው፤ ማን ይገዝተዋል?» አለ አያ አለሙ።

«እንግዲያው እስከ በሩ ኑ። የምገባው እኔ ነኝ። እኔን የገዘተኝ የለም።»

ይህን ስል ማን ፊት ቆሜ ምን እንደምል አላሰብኩም። ባስብ ኖሮ አልለውም ነበር።

ረቡዕ ገና ሳይነጋ ተነሥተን አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ ማኪናው ሰው እየጫነ ነው። ልንሳፈር ስንል ከኋላዬ፣ «አንቺ! የልብስ ሰፊው ልጅ አይደለሽም?» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

አስር አለቃ ጌትነት ነው። ማታ መጥቶ እዚያው አድሮ፣ ወደ መንደራችን መንገድ ሊጀምር ነው። እኔ ራሴ የጠገንኩትን ኮት ለብሷል።

«ያ ክንድ ሸጋ ሆኗል» አለኝ። «በሉ እስቲ፣ የዚህ አገር ሰዎች ከሆናችሁ፣ ሰጠኝ የሚባል ሰው ቤት በየት ነው?»

የአባቴ ስም ነው። አያ አለሙ ሰማይ ሰማይ ያይ ጀመር። ‹አላውቅም› ብል ማኪናው ይነሣል፤ እኛ እናመልጣለን። አንድ ቃል ብቻ ነበር። አባቴ ግን ነጠላውን አስተካከለና፣

«ሰጠኝ እኔ ነኝ» አለ።

ፖሊሱ ከእግር እስከ ራሱ አየው። የሦስት ሰዓት ጭቃ እንደቀረለት የገባው ያን ጊዜ ይመስለኛል፤ ፊቱ በራ። «እግዜር ይስጥህ!» አለና ክንዱን ያዘው።

ጮኽኩ። እኔ፣ ይታይሽ፣ አውቶቡስ ተራ መካከል ጮኽኩ። «አይያዝም! በራሱ እየሄደ ነው!» ከደረቴ ያንን ማመልከቻ አወጣሁ፤ የሰኞውን ማኅተም አሳየሁት። «ይኸው! እርስዎ ኮትዎን ሳይወስዱ በፊት የተጻፈ ነው!»

ተሳፋሪው ሁሉ በመስኮት አንገቱን አወጣ። አስር አለቃ ወረቀቱን ቀስ ብሎ አነበበ። ከዚያ ሳያስበው ኪሱን ነካ፤ ዓይኑም እኔ ላይ ቀረ።

«ኪሴን አይተሻል» አለኝ።

«ሥራዬ ነው» አልኩት።

ሹፌሩ ጡሩምባውን ነፋ። አስር አለቃ አባቴን ለቀቀው። «እሺ። አብሬያችሁ እሄዳለሁ። ከስድስት ሰዓት በፊት ፍርድ ቤት ከገባ፣ በእግሩ መጣ። ስድስት ሰዓት ካለፈ የእኔ እስረኛ ነው። ከሳሹስ የት አለ?»

«ይኸው እኔ» አለ አያ አለሙ። «አበልጁ ነኝ።»

መንገዱን ሁሉ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ከአንድ ስልቻ ቆሎ ሲቆረጥሙ፣ አስር አለቃ ደጋግሞ ዞር እያለ ያያቸው ነበር። በኋላ እሱም እጁን ዘረጋ። እኔ ግን አንድ ፍሬ አልቀመስኩም። ጭቃ ላይ ማኪናው ሁለት ጊዜ ተንሸራተተ፤ ወንዶቹ ወርደው ገፉ። ጎንደር ስንገባ አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

ጠበቃው ፍርድ ቤቱ በር ላይ ቆመው ሰዓታቸውን ሲያዩ ደረስን። «ግቡ! ግቡ! ዳኛው ሊነሡ ነው!»

አባቴና አያ አለሙ ከበሩ አንድ እርምጃ ሲቀራቸው ጎን ለጎን ቆሙ። ልክ በሬዎች ከወንዝ አፋፍ እንደሚቆሙ።

«ምን ትጠብቃላችሁ?» አሉ ጠበቃው።

«ግዝት አለብን» አለ አባቴ። ከዚያ ወደ ፖሊሱ ዞሮ፣ «ጌታዬ፣ እባክህ ትንሽ ጎተት አድርገኝ።»

«ከጎተትኩህ እስረኛዬ ነህ አላልኩህም?» አለ አስር አለቃ ግራ ገብቶት።

ጠበቃው ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ስንት ዓመት ስሟገት፣ ከሳሽና ተከሳሽ ተስማምተው ፍርድ ቤት አንገባም ሲሉ ያየሁ ዛሬ ነው!» አሉ።

«እኔ እገባለሁ» አልኩ።

ችሎቱ ሰው ሞልቶታል። ጠበቃው ነገሩን ጀመሩት። ዳኛው ሽበታም፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። «ተከሳሹ የት አለ?» ብለው ጠየቁ። ጠበቃው ወደ እኔ አዩ።

ምድር ምድር እያየሁ፣ «በር ላይ ነው» አልኩ።

«አልሰማሁም።»

«በር ላይ ነው!»

«ታሟል?»

«አልታመመም ጌታዬ። ተገዝቷል።»

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። ፊቴ ሲግል ይሰማኛል። ከበር ኋላ መደበቅ አማረኝ፤ በሩ ግን ሩቅ ነው። ዳኛው አልሳቁም። እጃቸውን አነሡ፤ ጸጥ አለ።

«ማን ገዘተው?»

ሁሉንም ነገርኳቸው። የበሬውን፣ የዱላውን፣ የድንጋዩን፣ የወንድሜን ክርስትና፣ የመምሬን ሞት። አንዴ ከጀመርኩ በኋላ ድምፄ ሌላ ሰው የሚናገር ያህል ይሰማኝ ነበር። «ጌታዬ፣ ዳኛ ንቀው አይደለም። ታርቀው ነው የቀሩ። አሁንም ዕርቁን እንዳያፈርሱ ነው የማይገቡ» ብዬ ጨረስኩ።

ዳኛው ብዕራቸውን አስቀመጡ። የግድግዳው ሰዓት ስድስት ሊሆን ትንሽ ይቀረዋል። ጸሐፊው መዝገቡን ማጠፍ ጀመረ።

«ተው፣ አትጠፈው» አሉት። «ይዘኸው ተከተለኝ። እነሱ የዳኛ ደጅ እንዳይረግጡ ተገዝተዋል፤ ዳኛ መንገድ እንዳይወጣ ግን የገዘተው የለም።»

ችሎቱ ሁሉ ተከትሏቸው ወጣ! ዳኛ ፊት፣ ጸሐፊ ኋላ፣ ባለጉዳይ በባለጉዳይ ላይ፣ እኔ በሰው መካከል እየተገፋሁ። መንገድ ላይ እንጨት የጫኑ አህዮች ቆሙ። አባቴና አያ አለሙ ዳኛውን ሲያዩ መሬት ሳሙ።

«ክንድህን የሰበረው ማን ነው?» አሉ ዳኛው።

«ይኸ ነው ጌታዬ» አለ አያ አለሙ።

«ትከሰዋለህ?»

«ምን በወጣኝ! ልጁ የክርስትና ልጄ ነው። እሱን ብትወስዱብኝ ልጁን ማን ያሳድግልኛል?»

«ማንም አስፈራርቶህ አይደለም?»

«እሱ ነው የሚፈራኝ!»

አህያ ነጂዎቹ ሳይቀሩ ሳቁ። ዳኛው ወደ አባቴ ዞሩ፤ ድምፃቸው ጠነከረ። «ዕርቅ ሸጋ ነው። ግን ቀጠሮ ተቀብለህ ሦስት ዓመት ዝም ማለት ነውር ነው። አንድ ሰው ልከህ ‹ታርቀናል› ብታስብል ይህ ፖሊስ አይንከራተትም፤ ይህችም ልጅ አትደነግጥም።»

«አጥፍቻለሁ» አለ አባቴ።

ዳኛው የጸሐፊውን ትከሻ ጠረጴዛ አድርገው፣ እዚያው ቆመው፣ የመያዣው ትእዛዝ መሻሩንና መዝገቡ መዘጋቱን ጽፈው ፈረሙ። ከዚያ ወረቀቱን ለእኔ ሰጡኝ። «አንብቢላቸው። ጮክ ብለሽ።»

አነበብኩ። መንገድ ላይ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ አንድ ቃል ሳልውጥ አነበብኩ። «ተሽሯል» የሚለው ላይ ስደርስ አያ አለሙ እልል አለ፤ ወንድ እልል ሲል ያን ቀን ሰማሁ። አስር አለቃ ጌትነት የእሱን ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ ለጸሐፊው መለሰና፣ «ደግሞ ኮት ሲቀደድብኝ ኪሴን ባዶ አድርጌ ነው የማመጣ» አለኝ።

አባቴ ሐሙስ ከቀትር በፊት እርሻው ላይ ነበር።

ይኸው አራት ዓመት ሆነ። አሁንም ዓይን አፋር ነኝ፤ አትሳሳቱ። ስሜን ስጠየቅ አሁንም ሳላስበው ዝቅ አድርጌ እናገራለሁ። ግን የማውቀው ነገር አለ፤ ድምፄ ከፈለግሁት የሚመጣ ነው። ያን ቀን ካዩ በኋላ አቶ ደጀኔ አልተዉኝም፤ ከባላገር ለሚመጡ ባለጉዳዮች ማመልከቻ አነብላቸዋለሁ፤ የተጻፈላቸውንም አስረዳቸዋለሁ። እናንተም የምታነቡ ሰዎች፣ አገር ቤት ዘመድ ካላችሁ ይህን ንገሩልኝ፤ በሽማግሌ ስትታረቁ ለፍርድ ቤቱም አንድ ሰው ላኩ። ሽማግሌው ያየውን መዝገብ አያይም።

አንድ ነገር ግን ለብዙ ጊዜ ሆዴ ውስጥ ነበር። ዳኛው ባይወጡስ ኖሮ? አባቴ እኔን እዚያ አቁሞ ዝም ብሎ ሊታሰር ነበር? ከእኔ ይልቅ ግዝቱን መረጠ እያልኩ፣ ሳልናገር ትንሽ ተቀይሜዋለሁ። ባለፈው ዓመት በዐቢይ ጾም አገር ቤት ስሄድ፣ አባቴ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲሰግድ አየሁት። የዕድሜው ስግደት አይደለም፤ ብዙ ነው። እናቴን፣ «ምነው?» ብላት፣ «የንስሐ ቀኖና ነው፤ ሲጨርስ ደግሞ ይጨምራል» አለችኝ። ሲመለስ ራሱን ጠየቅሁት።

ደጁ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ፣

«ያን ዕለት ሰው ሲስቅብሽ በር ላይ ሆኜ ሰማሁ» አለኝ። «ዳኛው ሲወጡ አላየሽም እንጂ፣ አንድ እግሬ ገብቶ ነበር።»